ውድቀት ለወላጅ ምን ይነግረዋል? የእድገት አስተሳሰብና የኮልቾ ልጆች

የእድገት አስተሳሰብ የሚባለው፣ ችሎታ በጥረት ይዳብራል የሚል ሐሳብ ከሥነ ልቦና መጻሕፍት ወጥቶ በከተማ የወላጆች ሥልጠናዎች፣ በትምህርት ቤት ስብሰባዎችና በልጅ አስተዳደግ ላይ በሚያተኩሩ ዝግጅቶች ዘወትር የሚነሳ ርእስ ሆኗል። ሐሳቡ የተስፋፋበት ጊዜም የዋዛ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመጀመሪያው ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ውጤት በየዓመቱ የሚሰማ ወላጅ «ልጄ ምን ጎደለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ «አስተሳሰቡን ለውጥ» የሚለው መልስ ደግሞ ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ስለሚመስል ቶሎ ተቀባይነት ያገኛል።

ይህ መልስ ምን ያህል እውነት እንደሆነና በየትኛው ሁኔታ እንደሚሠራ ለመመዘን ከከተማው ይልቅ ደቡብ ኦሞ የተሻለ ቦታ ነው። ኮልቾ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ወንዙ ሲጠማዘዝ ቁልቁል በሚታይበት ገደል አፋፍ ላይ ያለች የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ካራዎች ቁጥራቸው በጥቂት ሺህ የሚገመት፣ ቋንቋቸው ከሐመርኛ ጋር በእጅጉ የሚቀራረብ፣ እርሻንና ከብት እርባታን አጣምረው የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። በዚህች መንደር የእድገት አስተሳሰብ ጥያቄ ሁለት ገጽታ አለው፤ በአንድ በኩል ቤተሰቡ በዕለት ሥራ ላይ ልጁን የሚያሳድገው ተመራማሪዎች ከሚመክሩት በማይርቅ መንገድ ሲሆን፣ በሌላ በኩል ያው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ያ ሁሉ ልምድ ደጃፉ ላይ ይቀራል። የዚህ ትንታኔ ክርክርም ከዚህ ይነሳል፤ ወሳኙ ነገር ወላጅ ልጁን የሚያመሰግንበት ቃል ሳይሆን የልጁን የመጀመሪያ ውድቀት እንደ ምን እንደሚተረጉመው ነው፣ ይህን ትርጓሜ ደግሞ በአብዛኛው የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው።

ጥናቶቹ የሚሉትና የማይሉት

ሐሳቡን ያስተዋወቁት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ድዌክ ናቸው። ድዌክ ሰዎች ስለ ችሎታ የሚኖራቸውን እምነት በሁለት ይከፍሉታል። ችሎታ ከተፈጥሮ የተሰጠና ከዚያ ወዲያ የማይለወጥ ነው የሚለው እምነት ቋሚ አስተሳሰብ ሲባል፣ በጥረት፣ በተሻለ ዘዴና በሌሎች እገዛ ይዳብራል የሚለው ደግሞ የእድገት አስተሳሰብ ይባላል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ በስፋት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1998 ከክላውዲያ ሙለር ጋር ያወጡት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀለለ ጥያቄ ሠርተው ሲጨርሱ ለከፊሎቹ «ብልህ ስለሆናችሁ ነው» ሲሏቸው ለሌሎቹ «ጠንክራችሁ ስለሠራችሁ ነው» አሏቸው፤ ቀጥሎ ሆን ተብሎ የከበደ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በብልህነታቸው የተመሰገኑት ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ከዚያ በኋላ በተሰጣቸው ቀላል ጥያቄም ውጤታቸው ዝቅ አለ፣ ለሌላ ልጅ ውጤታቸውን ጽፈው እንዲልኩ ሲጠየቁም ከ100 ወደ 40 የሚጠጉት ያላገኙትን ነጥብ ጻፉ። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ልጅ ስኬቱ የማንነቱ ማረጋገጫ ተደርጎ ከተነገረው ቀጣዩ ስህተት በማንነቱ ላይ የተሰጠ ፍርድ ይሆንበታል፣ ስለዚህ ወይ ከባዱን ይሸሻል ወይ ስህተቱን ይደብቃል።

ከዚህ ጥናት ተነሥተው ብዙ ሥልጠናዎች «ልጁን ሳይሆን ጥረቱን አመስግኑ» ወደሚል አንድ ምክር ያመራሉ። ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት 53 ልጆችን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ በቤታቸው ተከታትሎ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ስለ አሠራራቸው ምስጋና የበዛላቸው ልጆች ከ5 ዓመት በኋላ ፈተናን የሚደፍሩና ችሎታ ይለወጣል ብለው የሚያምኑ ሆነው አግኝቷቸዋል። ይሁን እንጂ ድዌክ ራሳቸው ውጤት ያላመጣን ጥረት ማሞገስ ብቻውን ልጁን ማባበል እንደሆነና ዘዴውን እንዲለውጥ ካልረዳው የእድገት አስተሳሰብ ሊባል እንደማይገባው ደጋግመው አሳስበዋል።

ለኮልቾ ጉዳይ ከሁሉም የሚቀርበው ግን ብዙም የማይነገርለት እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የካይላ ሃይሞቪትስና የድዌክ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ወላጅ ስለ ብልህነት ያለው እምነት ወደ ልጁ ይተላለፋል ብለው ቢጠብቁም እምነቱ በቀጥታ ሲተላለፍ አላገኙትም፤ ምክንያቱም ልጅ የወላጁን የልብ እምነት አያይም። የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ፈተና ሲወድቅ የወላጁ ፊት ምን እንደሚሆን፣ ውይይቱ ስለ ነጥቡ ይሁን ስለ ስህተቱ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ለምን ወደቅህ?» ይሁን «የትኛው ነው ያልገባህ?»። ውድቀትን እንደ ጉዳት የሚያይ ወላጅ ያሳደገው ልጅ ችሎታው የተወሰነ እንደሆነ ሲደመድም፣ ውድቀትን እንደ መማሪያ የሚያይ ወላጅ ያለው ልጅ ደግሞ ተቃራኒውን ይደመድማል።

የሐሳቡ ወሰንም አብሮ መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ወደ 12 ሺህ በሚጠጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ሰፊ ሙከራ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት የዝቅተኛ ተማሪዎችን አማካይ ነጥብ ከ4 በ0.1 ገደማ ከፍ እንዳደረገ ሲያሳይ፣ በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በ101 ትምህርት ቤቶች የተደረገ ሙከራ በንባብም ሆነ በሒሳብ ለውጥ አላገኘም። የአሜሪካው ሙከራ ሌላም ነገር አሳይቷል፤ ውጤቱ የታየው የክፍል ጓደኞች ከባድ ሥራን መድፈርን በሚደግፉባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። የእድገት አስተሳሰብ እንግዲህ ብቻውን የሚያበቅል ነገር አይደለም፣ የሚያርፍበት መሬት ይፈልጋል።

ማማ ላይ የሚቀመጥ ልጅ

ኮልቾ ውስጥ ልጅ ሥራ የሚማረው በመነገር ሳይሆን በማየትና በመሳተፍ ነው። ባርባራ ሮጎፍን የመሰሉ ተመራማሪዎች በጓቴማላ የማያ ማኅበረሰብ ውስጥ ካዩት ተነሥተው ይህን አካሄድ እያዩና እየተሳተፉ መማር ይሉታል፤ ልጅ ከአዋቂዎች ሥራ አይገለልም፣ በአቅሙ ልክ እየገባበት የሥራው ክብደት እየጨመረ ይሄዳል። በኦሞ ዳር ትንሹ ልጅ ግልገል ይጠብቃል፣ ከፍ ሲል ፍየል፣ ከዚያም ከብት ይሰጠዋል፤ ልጃገረዷም ታናናሾቿን ከመጠበቅ ተነሥታ ውኃ ወደ መቅዳትና እህል በድንጋይ ወፍጮ ወደ መፍጨት ትሸጋገራለች።

ማሽላው ሲያሽት የሚደረገው ወፍ ጥበቃ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ በወንጭፍ ድንጋይ ወይም ጭቃ እያስፈነጠረ ወፎችን ያባርራል። መጀመሪያ ላይ ይስታል፤ ድንጋዩ የት እንደወደቀ ግን በዓይኑ ያያል፣ ስለዚህ ክንዱን ያስተካክላል፣ ቀድሞ መወርወር እንዳለበት ይረዳል፣ ወፎቹ በየትኛው በኩል ተመልሰው እንደሚያርፉ ያጤናል። ማንም «ጎበዝ ነህ» አይለውም፣ «አትረባም» የሚለውም የለም፤ የተበላው ዛላና የተረፈው ዛላ ይነግሩታል። ከሌላ ልጅ ጋር አይነጻጸርም፣ ነገም ወደዚያው ማማ ይመለሳል። የተሳሳተ ልጅ ከሥራው አለመወገዱ እዚህ ላይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ስህተቱ ሥራውን የሚማርበት መንገድ እንጂ ለሥራው እንደማይሆን የሚያስመሰክርበት ማስረጃ አይደለም። ከተማ ውስጥ በሥልጠና ለማስተማር የሚደከምበት የእድገት አስተሳሰብ እዚህ ቃል ሳይወጣለት በተግባር አለ።

ይህ አስተዳደግ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሥራው በጾታ የተከፋፈለ በመሆኑ ለሴት ልጅ የተተወው በር ጠባብ ነው፤ ልጅ ለምን ብሎ አዋቂን የሚጠይቅበት ዕድልም አነስተኛ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ መማሩ የሚሠራው ወላጁ ሥራውን ጠንቅቆ በሚያውቅበት ዘርፍ ብቻ ነው። ልጁ ምን መምሰል እንዳለበት ዘወትር ከፊቱ አለ፤ አባቱን፣ እናቱንና ታላላቆቹን ያያል። ወላጁ በማያውቀው ነገር ላይ ይህ ሁሉ ይቋረጣል።

ወላጅ የማያውቀውን መማር

የካራ እርሻ ለትውልዶች የተመሠረተው በኦሞ ሙላት ላይ ነበር። ወንዙ በየዓመቱ ሞልቶ ሲጎድል በዳርቻው በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ፣ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራ ነበር፤ የትኛው የወንዝ ዳርቻ መቼ እንደሚዘራ ማወቅም ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ ዕውቀት ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የወንዙን ፍሰት ካስተካከለ ወዲህ ግን የዓመቱ ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣም። ግድቡ ለአገር የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ክርክር ነው፤ ለዚህ ጉዳይ የሚፈለገው ነጥብ የወላጅ ዕውቀት ለልጁ የነገ ኑሮ በቂ የነበረበት ዘመን ማብቃቱ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ የመስኖ እርሻ፣ የደመወዝ ሥራ፣ ከመንግሥት ቢሮ ጋር የሚደረግ ጉዳይ ሁሉ ማንበብ፣ መጻፍና አማርኛ ይጠይቃሉ፤ እነዚህን ደግሞ የኮልቾ አባትና እናት በአብዛኛው ለልጃቸው ሠርተው ሊያሳዩት አይችሉም።

የእድገት አስተሳሰብ ጉዳይ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ፊደል የማያውቅ ወላጅ የልጁን ደብተር ገልጦ ስህተቱን ሊያርም አይችልም፤ የሚችለው አንድ ነገር ለስህተቱ ትርጉም መስጠት ነው። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል፣ ግን በአርብቶ አደር ቤት ትርጉሙ ወዲያው ወደ ውሳኔ ይለወጣል። ልጅን ትምህርት ቤት መላክ የአንድ እረኛ ጉልበት ማጣት ስለሆነ ቤተሰቡ ልጆቹን ሁሉ አይልክም፤ አንዱን ለከብት አስቀርቶ ሌላውን ለትምህርት ይመርጣል። የተመረጠው ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ወድቆ ከተመለሰ ወላጁ ከፊቱ ያለው ሒሳብ ግልጽ ነው፦ የጉልበቱ ኪሳራ ዛሬ የሚታይ ነው፣ የትምህርቱ ጥቅም ግን ሩቅና አጠራጣሪ ነው። ውድቀቱ «ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም» ተብሎ ከተነበበ ልጁ ወደ ከብቶቹ ይመለሳል፣ ውሳኔውም ለዘለቄታው ይሆናል። ለከተማ ቤተሰብ ቋሚ አስተሳሰብ የልጅን ሞራል የሚጎዳ አመለካከት ቢሆን፣ ለኮልቾ ቤተሰብ የልጅን የሕይወት መንገድ የሚዘጋ ውሳኔ ነው። ወላጁን በዚህ መውቀስም አይገባም፤ በያዘው መረጃ ልክ ያመዛዝናል፣ መረጃው ግን የተሳሳተ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ገበያ ተጨምሯል። ካራዎች ገላቸውን በነጭ አፈርና በሌሎች ቀለሞች በመቀባት ስለሚታወቁና ኮልቾም በቱሪስት ጉዞዎች ውስጥ ስለምትገባ፣ ልጆች ፎቶ በመነሳት ገንዘብ ያገኛሉ። ለቤተሰቡ ገቢው ቀላል አይደለም። ክፍያው ግን ወዲያው የሚገኝና ልጁ ለሚማረው ሳይሆን ለሚታየው የሚከፈል ነው፤ መልኩና ጌጡ ዛሬ ብር ያስገኛሉ፣ ፊደል ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ስለ ጥረት የሚሰጥ ምክር ሁሉ ከዚህ ጋር እየተፎካከረ እንደሚሰማ መዘንጋት የለበትም።

ትምህርት ቤቱ ለወላጅ የሚልከው መልእክት

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ የተናጋሪያቸው ቁጥር አነስተኛ ለሆነባቸው ቋንቋዎች መጽሐፍና መምህር ማዘጋጀት አስቸጋሪ በመሆኑ የካራ ልጅ ክፍል ሲገባ የሚጠብቀው በአብዛኛው አማርኛ ነው። ልጁ ዝም ይላል፤ ዝምታው ቋንቋውን ካለመስማት የመጣ ቢሆንም በክፍል ውስጥ ግን የሚመዘገበው እንደ ስንፍና ነው። ማማ ላይ ስህተቱን በዓይኑ ያይ የነበረው ልጅ እዚህ የተሳሳተው ፊደሉን ይሁን ቃሉን ወይም ጥያቄውን መለየት አይችልም። ሊታረም የማይችል ስህተት ደግሞ ልጁን በራሱ ላይ ወደ ማማረር ይመራዋል።

ወደ ቤት የሚሄደው መልእክት ይባስ ብሎ ጠባብ ነው። በኢትዮጵያ የተማሪ ውጤት ካርድ ላይ ከነጥቡ ጎን ለረጅም ዘመን የኖረው ደረጃ የሚለው ዓምድ ሲሆን፣ ወላጅ ከከተማ እስከ ገጠር የሚጠይቀውም «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። የደረጃ ባሕርይ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንዲወርድ ማስገደዱ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ 35 አምጥቶ በሁለተኛው 52 ቢያመጣ፣ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ደግሞ አብረው ከተሻሻሉ፣ በሁለቱም ጊዜ 40ኛ ሊሆን ይችላል። ካርዱ «ምንም አልተለወጠም» ይላል፣ እውነቱ ግን ልጁ ብዙ ተምሯል። ማንበብ የማይችል አባት ከካርዱ ውስጥ ሰው አንብቦለት የሚሰማው ያንን ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ስለ ልጁ አእምሮ የሚደርሰው መረጃ ከቋሚ አስተሳሰብ ሌላ ምንም ሊያሳድር አይችልም። ወላጅን ስለ እድገት አስተሳሰብ እያሠለጠኑ ያንኑ ካርድ በእጁ መስጠት አንዱ እጅ የገነባውን በሌላው ማፍረስ ነው።

የማኅበረሰብ እምነት ይለወጣል?

«አርብቶ አደሩ በልማዱ የጸና ነው፣ እምነቱ አይለወጥም» የሚለው አስተያየት ራሱ ቋሚ አስተሳሰብ ነው፣ የካራ ታሪክም አይደግፈውም። በኦሞ ሸለቆ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ሚንጊ በሚባለው ልማድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ ወይም ተቀባይነት ካለው ጋብቻ ውጪ የተገኘ ሕፃን ለማኅበረሰቡ መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይታመን ስለነበር በሕይወት እንዲኖር አይተውም ነበር። ከካራ ልጆች መካከል መደበኛ ትምህርት ካገኙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው ላሌ ላቡኮ ከሽማግሌዎችና ከወጣቶች ጋር ለዓመታት ተወያይቶ፣ የተረፉ ሕፃናት በጂንካ ከተማ የሚያድጉበትን ኦሞ ቻይልድ የተባለ ድርጅት መሠረተ፤ በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ እንዲቀር ወሰኑ። ሚንጊንና የትምህርት ቤት ውድቀትን በክብደት ማወዳደር አይገባም። ነገር ግን ልጅ ገና በመጀመሪያው ምልክት የሚፈረድበት እምነት እንኳ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በራሳቸው ቋንቋና ከራሳቸው ወገን በተነሣ ሰው አማካይነት ተቀይሯል። ለውጡን ያመጣው ከውጭ የመጣ መፈክር አልነበረም፤ ሌላ መንገድ እንዳለ በዓይን መታየቱ፣ ሚንጊ የተባሉት ልጆች በጂንካ አድገው መቅሠፍቱ አለመምጣቱም ለክርክሩ ጉልበት ሰጥቶታል።

ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

ከዚህ በኋላ ነገሩ በሦስት አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያው፣ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው፣ የእድገት አስተሳሰብ በሥልጠና ወረቀት ላይ ያለ መፈክር ሆኖ ወደ ወረዳዎች መውረዱ ነው። ይህ ጉዳት የለውም ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ቋንቋውን በማይችል መምህር፣ መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ለሚማር ልጅ «ከጣርክ ትችላለህ» ማለት፣ ሲወድቅ ጥፋቱን በእርሱና በወላጆቹ ላይ ማሳረፍ ይሆናል፤ የሥርዓቱ ጉድለት የሰነፍ ልጅ ጉድለት ተብሎ ይመዘገባል። የበጀትና የመምህር ጥያቄ የሚነሣበት ኃላፊም ስለ አስተሳሰብ ለውጥ በመናገር ሊያልፈው ይችላል።

ሁለተኛው ጥሩ ተማሪዎችን መርጦ በከተማ አዳሪ ቤቶች ማስተማር ነው። ይህ መንገድ ፍሬ እንደሚያፈራ ከኦሞ ሸለቆ ወጥተው ለወግ ለማዕረግ የበቁ ልጆች ያሳያሉ፤ ለብዙ ቤተሰቦችም ብቸኛው ተጨባጭ ዕድል ሆኖ ቆይቷል። ወጪው ግን ከገንዘብ ያለፈ ነው፤ ልጁ ከቤተሰቡ ሥራ ተነጥሎ ስለሚያድግ እያየና እየተሳተፈ የሚማርበት ልምድ ይቋረጣል፣ ምርጫውም ገና በልጅነት በሚታይ ውጤት ላይ ስለሚመሠረት ዘግይተው የሚነሡ ልጆችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ያስቀራል።

ሦስተኛውና አዝጋሚው መንገድ ቤቱ ያለውን ልምድና ትምህርት ቤቱን ማገናኘት ነው። ወላጁ በማማው ላይ ለልጁ የሚሰጠውን ትዕግሥት ለደብተሩም እንዲሰጥ፣ የልጁን መሻሻል ማየት አለበት፤ ለማየት ደግሞ ማንበብ አያስፈልገውም። ልጁ ባለፈው ወር ያልለያቸውን ፊደላት ዛሬ በወላጁ ፊት ቢለያቸው፣ በቁጥር ያልደመረውን የፍየል ሒሳብ ጽፎ ቢያሳየው፣ አባትየው የተበላውንና የተረፈውን ዛላ የሚያይበት ዓይን እዚህም ይሠራል። ይህ ካራኛ የሚናገር ረዳት መምህር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲኖር፣ የከብት ሥራ በሚበዛበትና አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት የትምህርት ሰዓቱ እንዲተጣጠፍ ይጠይቃል። ከዚህ ውስጥ የትኛውም በአንድ ዓመት የሚሟላ አይደለም፣ የሰው ኃይሉ ውስንነትም እውነተኛ እንቅፋት ነው።

ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀድም ሲመዘን፣ ባለው አያያዝ የመጀመሪያው የመስፋፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለሪፖርትም ይመቻል። ሁለተኛው በጥቂት ልጆች ላይ መሥራቱን ይቀጥላል። ሦስተኛው ሊጀመር የሚችለው ከትንሹ ነገር ነው፣ ያም በትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና በርእሳነ መምህራን ሥልጣን ሥር ያለ ነው፦ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ባለው ካርድ ላይ ደረጃ የሚለው ዓምድ ይነሣ፣ በምትኩ ልጁ በመንፈቁ መጀመሪያ የማይችለው ኋላ ግን የቻለው ነገር ይጻፍ፣ የኮልቾ ወላጆች ሲሰበሰቡም ይህ በራሳቸው ቋንቋ፣ ልጁ ከፊታቸው ቆሞ እያሳየ ይነገራቸው።